ብሎኗ ላይ ያለችው ሮዝ ነጥብ

ላፕቶፑ ዘጠና ሰባት ዲግሪ ላይ ነበር። በአራቱ ማዕዘኖቹ ሥር የለስላሳ ቆርኪ ተደርጎለት ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ብሏል። ከጎኑ የሚወጣው አየር የሲሃምን ክንድ ይለበልባል፤ ፋኑ በበሩ ፊት ከሚያልፉት ባጃጆች ጋር እየተፎካከረ ያፏጫል። በቀጭን ገመድ የተያያዘው የጓዴ ስልክ አዲስ ሶፍትዌር እየተጫነበት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚሄደው አረንጓዴ መስመር ስልሳ ከመቶ ደርሷል። ሲሃም በቀኝ እጇ በካርቶን ታራግባለች፤ በግራ እጇ ገመዱ እንዳይነቃነቅ ይዛለች፤ ዓይኗ ከሁለቱ ቁጥሮች አልተነቀለም።

"እያራገብሽለት ነው እንዴ?" አለ ጓዴ፣ ሱቁ ደጃፍ ባቆማት ባጃጁ ላይ እንደ ተቀመጠ። "እኔ ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ እንኳ እንዲህ የተንከባከበኝ ሰው አልነበረም።"

"ዝም በል፤ ቁጥሩን እያየሁ ነው።"

"ስንት ደረሰ?"

"ያንተ ስልሳ፣ የእሱ ዘጠና ሰባት።"

"በለጠኛ!"

ዘጠና ስምንት ሆነ። ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ፤ ፋኑም ፉጨቱን አቋረጠ። በድንገት የሱቁ ውስጥ ጸጥታ ከመንገዱ ጫጫታ በላይ ጎልቶ ተሰማ።

ሲሃም ካርቶኑን አስቀመጠች። ገመዱን ነቅላ የጓዴን ስልክ ማብሪያ ተጭና ያዘች። ጠዋት ይዞት ሲመጣ ቢያንስ ምልክቱን እያሳየ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አልተነፈሰም።

"ምነው ዝም አለ?" ጓዴ ከባጃጁ ወረደ።

"ላፕቶፑ ሞቆ ጠፋ። ሥራው መሀል ላይ ስለ ተቋረጠ ስልክህ ባዶውን ቀርቷል።"

"ሞተ በይኛ!"

"አልሞተም። ከመጀመሪያው እንደገና ይጫንበታል።"

"ታዲያ ጫኚበት!"

"ላፕቶፑ ካልቀዘቀዘ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ይጠፋል። ባለፈውም በሌላ ሰው ስልክ ቀዝቅዞ ሲነሣ ሞክሬ ነበር፤ ከስልሳ አያልፍም።"

ጓዴ ራሱን አከከ። ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ቀጭን ልጅ ነው፤ ቢቸና ውስጥ የማያውቀው ቤት የለም፤ ሥራ የሚያገኘው ግን ሰዎች ሲደውሉለት ነው። "እህቴ፣ ዛሬ ደግሞ አርብ ነው። ከጁምዓ የሚወጣው ሁሉ ለእኔ ነው የሚደውል። ያለ ስልክ እንደ ጀማሪ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ልጩህ?" ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብሎ አየ። "ቆይ ግን፣ የአገሩን ላፕቶፕ ሁሉ እየከፈትሽ ታቀዘቅዢያለሽ። የራስሽ እንዲህ የሚነደው ለምንድን ነው?"

ሲሃም ላፕቶፑን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከማዕዘኑ ባለችው ብሎን ራስ ላይ የምስር ክክ የምታህል ሮዝ ነጥብ አለች። አልተሰነጠቀችም።

ያቺን ነጥብ ያኖራት ባሏ አብዱልሐኪም ነው። ሁለቱም የሞጣ ልጆች ናቸው፤ በተጋቡ በዓመቱ ቢቸና መጥተው ይህችን ሱቅ ተከራዩ፤ ስልክና ኮምፒውተር መጠገን ጀመሩ። ሙያውን እሱ ነው ያስተማራት። አብዱልሐኪም ከፍቶ የገጠመውን ዕቃ ሳያትም ለባለቤቱ አይመልስም ነበር፤ ማኅተሙም በአንዷ ብሎን ላይ የምትንጠባጠብ የጥፍር ቀለም ነበረች። ቀለሙን እንዲያውም ለሲሃም የሰጠቻት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ባንቺዓለም ናት፣ ወደ ቢቸና በመጡ ሰሞን፣ የእንኳን ደህና መጣሽ ስጦታ ብላ። ሲሃም ለሶላት ውዱእ ስታደርግ ውኃው ጥፍሯን መንካት ስላለበት ልትቀባው አልቻለችም፤ እንቢ ብላ መመለሱም ከበዳት። ጠርሙሷ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ስትንከባለል አብዱልሐኪም አገኛትና፣ "ለጥፍርሽ ካልሆነች ለብሎኖቼ ትሁን" አለ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ነጥቧን ነው። ነጥቧ ከተሰነጠቀች ሌላ እጅ ገብቷል። ካልተሰነጠቀች ግን ውስጡ ያለው ሁሉ የእሱ ሥራ ነው።

ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። "ሰኞ ሄጄ መለዋወጫውን ገዛዝቼ አርብ እመለሳለሁ" ብሎ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። እሑድ ማታ ላፕቶፗ ላይ አጎንብሶ ሲሠራ ቆይቶ ነጥቧን በላይዋ አኖረና፣ "እስክመለስ እንዳትነኪያት" አላት። አርብ አልመጣም። በሚቀጥለው አርብ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት፤ አብዱልሐኪም ባሕሩን ተሻግሮ ነበር። "ከቤት ስነሳ አላሰብኩትም፣ ወላሂ" አላት። "አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የሞጣ ልጆች አገኘሁ፤ ሊሄዱ ነው፤ አብሬ ሄድኩ።"

ሲሃም ስሜቷን ተከትላ የምትፈርድ ሴት አይደለችም። ስልክ ሲበላሽባት መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ቀጥሎ ስክሪኑን እያየች፣ የሚሠራውን ከማይሠራው ለይታ ነው በሽታው ጋ የምትደርስ። የባሏንም መሄድ እንደዚያው መረመረችው። ሁለት ሸሚዝ ብቻ ነው የወሰደው፤ ይህ የአራት ቀን መንገደኛ ልብስ ነው። ጥሩ ጫማውን ትቷል። ወፍራም ካፖርቱ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሁሉም "አላሰበውም" ይላል። አንድ ነገር ብቻ እንቢ አላት፤ ከመታጠቢያው አጠገብ የነበረው የጥርስ ሳሙና የለም። ለአራት ቀን የሚሄድ ሰው ብሩሹን ይዞ ይሄዳል፤ የቤቱን ሳሙና ግን ለሚስቱ ይተዋል። ይዞት የሚሄደው መንገዱ ሩቅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እሱንም አልጠየቀችውም። ጥያቄው ያስቃል፤ መልሱ ግን የሚያስቅ አይመስላትም ነበር። እያወቀ ከሄደ፣ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ "አርብ" ሲላት ዓይን ዓይኗን እያየ ዋሽቷታል ማለት ነው። በየአርቡ ሲደውል ድምፁን ትናፍቃለች፤ ድምፁን ስትሰማ ደግሞ ያ ሳሙና በመካከላቸው ይቆማል።

ላፕቶፗን ያልከፈተቻትም ለዚሁ ነው። ነጥቧ ሳትሰነጠቅ እስካለች ድረስ ያ አርብ ያልተሰረዘ ቀጠሮ መስሎ ይታያታል። ማሽኗ ስትሞቅ ቆርኪ አደረገችላት። ቆርኪው አልበቃ ሲል ካርቶን አነሣች።

"አንቺ! ፉጨቱ ቆመሳ?" ባንቺዓለም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች በበሩ ብቅ አለች። የልብስ መስፊያዋ ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ የፋኑን ድምፅ እንደ ሰዓት ለምዳዋለች።

"ጠፋብኝ።"

"ስልኬን ገደለችብኝ" አለ ጓዴ። "ባንቺዬ፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ።"

"አንተ ደግሞ! ስልክህ ሲመጣም ሬሳ ነበር" አለችው። ከዚያ የተገለበጠውን ላፕቶፕና የሲሃምን ጣት አየች። ጣቷ ነጥቧን እየዳሰሰ ነው። ባንቺዓለም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሲሁ፣ እኔ ኩቴክሱን የሰጠሁሽ ጥፍርሽን እንድታስጌጪበት ነበር። በማርያም፣ እንድትታተሚበት አልነበረም።"

ሲሃም ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ጓዴን አየችው። ስልኩ በድን ሆኖ በእጁ ላይ ተጋድሟል።

"ከሰዓት ዐሥር ሰዓት ላይ ተመለስ" አለችው።

"ይደርሳል?"

"ይደርሳል። እከፍታታለሁ።"

ጓዴ ባጃጁን አስነሥቶ፣ "መናኸሪያ! መናኸሪያ!" እያለ እየጮኸ ሄደ።

የምላጩን ጫፍ ነጥቧ ሥር አስገብታ በቀስታ ስትገፋ ነጥቧ አልተፈረፈረችም፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሙሉዋን ተላቃ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ተለጠፈች። ሲሃም እዚያው ተወቻት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትታ፣ እንደ ወጡበት ቦታ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደረደረች። ክዳኑን አነሣች። የባትሪውን ገመድ ነቀለች። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ እንደ ባና ብርድ ልብስ ወፍሮ በአንድ ቁራጭ ተነሣ።

"ይህን ሁሉ ስትተነፍስ ነው የከረመችው?" አለች ባንቺዓለም። ሥራዋን ትታ በርጩማ ስባ ተቀምጣለች።

"አቧራው ብቻውን ዘጠና ሰባት አያደርሳትም። ዋናው ከሥር ነው።"

ዋናው ያለው ከመዳቡ ሳህን ሥር ነው። የላፕቶፕ አንጎል የሚባለው ቺፕ ሲሠራ ይግላል፤ መዳቡ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ፋኑ ያደርሰዋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ተርማል ፔስት የሚሉት ግራጫ ቅባት አለ፤ እሱ ከሌለ ወይም ከደረቀ ሙቀቱ መሻገሪያ ያጣል። ሲሃም ሳህኑን የያዙትን ብሎኖች በተጻፈባቸው ቁጥር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየመለሰች በጥቂት በጥቂቱ አላላቻቸው። ሳህኑን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አደረገችው። ቀጭ የሚል ደረቅ ድምፅ አሰምቶ ተላቀቀ።

ግራጫ ነበር የጠበቀችው። ያየችው ነጭ ነው።

ቺፑ ላይ ያለው ነገር እንደ ኖራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መሀሉ ላይ ጭራሽ ተፈርፍሮ ራቁቱን ቀርቷል። ሲሃም ሳህኑን ወደ ብርሃን አዞረችው። እዚያም ያው ነው። አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም። ጥጥ በአልኮል ነክራ ጠርዙን ስታብስ ግን ነጩ ነገር ረጠበና ቀጭን፣ ቀዝቃዛ የናና ሽታ ተነሣ።

እጇ ቆመ።

"ምን አገኘሽ?" አለች ባንቺዓለም።

"የጥርስ ሳሙና።"

"የምን የጥርስ ሳሙና? ላፕቶፕ ጥርስ አለው እንዴ?"

ሲሃም ሳቀች። ሳቋ እንደ ጀመረ አልጨረሰም፤ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ባንቺዓለም ከበርጩማዋ ተነሥታ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ቆመች።

አንዳንድ ጠጋኞች ተርማል ፔስት ሲያጡ የጥርስ ሳሙና እንደሚቀቡ ሲሃም ታውቃለች። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሲመጣ አብዱልሐኪም ጠርቶ ያሳያት ነበር፤ "ይህ ለአንድ ወር ነው" ይላት ነበር። "ውኃው እስኪደርቅ ይሠራል። ከደረቀ በኋላ ከባዶው አይሻልም።" ያንን እሑድም አስታወሰች። የደንበኛቸውን የመምህር ሽታሁንን ላፕቶፕ ሊጨርስ ሲል የቅባቱን ሲሪንጅ ጨምቆ ጨምቆ የመጨረሻዋን ቅባት የሰው ዕቃ ላይ አደረገ፤ "አዲስ አበባ ስገባ መጀመሪያ የምገዛው ይህን ነው" አለ። ከዚያ ቤት ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ የራሳቸውን ላፕቶፕ ከፈተ።

ሳሙናው ሊያልቅ የደረሰ ነበር። ከጫፉ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ መታጠቢያው ጋ የተቀመጠውን ቱቦ አሁን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። የቀረችውን ጨምቆ እዚህ ላይ አድርጓታል፤ ባዶውን ቱቦ ጥሎታል። ይዞት አልሄደም። ነጥቧ አልተሰነጠቀችም፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ የገባ እጅ የለም።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ይዞት ሄደ ስል ነበር" አለች በመጨረሻ። "የቤቱን ሳሙና ይዞ ሄደ፤ ስለዚህ እንደማይመለስ ያውቅ ነበር እል ነበር። እዚህ ነው ያለው፣ ባንቺ። ለአንድ ወር የማይሆን ነገር አድርጎባት ነው የሄደው። እሱ ደግሞ ርቆ የሚሄድ ቢሆን ይህችን ማሽን እንዲህ አድርጎ አይተዋትም ነበር።"

ባንቺዓለም የሳሙናውን ቅርፊት፣ ከዚያ ሲሃምን አየች። "እመብርሃን!" አለች። "እና ይህን ሁሉ ጊዜ እሱን ሳትጠይቂ?"

"ምን ብዬ? ሳሙናዬን የት አደረስከው ብዬ?"

የጁምዓ አዛን ሲሰማ ሲሃም ሥራዋን በጨርቅ ሸፍና ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ውዱእ ለማድረግ እጅጌዋን ስትሰበስብ አውራ ጣቷ ላይ የተለጠፈችውን ሮዝ ቅርፊት አየቻት። ውኃው ጥፍሯን መንካት አለበት። ቅርፊቷን ላጠቻት፤ ትንሽ በመዳፏ ይዛት ቆየችና ጣለቻት። ታጥባ ሰገደች።

ገና ምንጣፏን ሳታጥፍ ከሞጣ ተደወለ። አማቷ ዑሙሰልማ አርብ አርብ ከሶላት በኋላ ሳይደውሉ አይቀሩም።

"ሲሃምዬ፣ ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ደወለ?"

"ገና ነው እማማ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ተሻለዎት?"

"አልሐምዱሊላህ። ምነው ድምፅሽ?"

"ደህና ነኝ። እማማ፣ አብዱልሐኪም ሲሄድ አልዋሸኝም።"

"ይህንንማ ከመጀመሪያው ብዬሽ ነበር።"

"ብለውኝ ነበር።"

"ማን ነገረሽ ታዲያ?"

"ላፕቶፑን ከፍቼ አየሁ።"

"አጂብ! እናቱ ስትነግርሽ ሳታምኚ!" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው እየቀጠነ ሄደ። "መቼ እንደሚመጣስ አለበት?"

"እሱ የለበትም፣ እማማ።"

"እንግዲያ ወደ ሞጣ ነይልኝ። ክፍሉም አለ፤ እኔም ብቻዬን ነኝ። እዚያ ለብቻሽ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"አስብበታለሁ" አለች ሲሃም፤ ይህንንም በየአርቡ ነው የምትላቸው።

ስልኩን ዘግታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ዑሙሰልማ የጠየቁት ጥያቄ ግን አብሯት ተመለሰ። ያ ሳሙና የሚናገረው እሑድ ማታ አብዱልሐኪም ያሰበውን ብቻ ነው። ሰኞ ያሰበውን አይናገርም፤ ዛሬ የሚያስበውንማ ጨርሶ። ሲሃም ይህን ልዩነት ለራሷ ሳትደብቅ አስቀመጠችው። ቢሆንም ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው አንድ ነገር ተነሥቷል፤ በቦታው የቀረው ናፍቆት ብቻውን ነው። ብቻውን ሲሆን ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ እንደሚያም አላወቀችም ነበር።

ጥጧን እየቀየረች ነጩን ጠረገች። ጥጧ ነጭ ይዛ ትወጣለች፤ ሌላ ትነክራለች። ቺፑ እንደ መስተዋት ሲያበራና የፊቷ ጥላ ሲታይበት ስልኳ ጮኸ። ኢሞ ነው። ስክሪኑ ላይ የአብዱልሐኪም ስም አለ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሲሃሜ።" ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከኋላው ከባድ ዕቃ ሲጎተት ይሰማል።

"ወአለይኩሙ ሰላም። ሥራ ላይ ነህ?"

"ዕረፍት ወጥቼ ነው። ቶሎ ወደ ሥራ እመለሳለሁ። አንቺስ?"

"ላፕቶፗን ከፈትኳት።"

ድምፁ ዘገየ። ኔትዎርኩ ይሁን እሱ ሲሃም መለየት አልቻለችም።

"ነጥቧስ?"

"ላጥኳት። ሳትሰነጠቅ ነበረች።"

"ምን አገኘሽ?" አለና፣ መልሷን ሳይጠብቅ እሱ ራሱ ሳቀ። "ያ አላህ! ሳሙናዋ! ወላሂ ረስቼዋለሁ። አሳፈርሽኝ፣ ሲሃም። እኔ እኮ ለአምስት ቀን ብዬ ነው፤ አርብ ቅባቱን ይዤ ስመለስ ልቀይራት።"

"አውቃለሁ" አለች። "ዛሬ አወቅሁ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው መሰለ። አልጠየቃትም። ሲሃምም ስለ መታጠቢያው፣ ሦስት ዓመት ስለ ፈለገችው ቱቦ ምንም አልነገረችውም። አሁን ሌላ ጥያቄ ነበራት፤ በእሱ ቋንቋ ነው የጠየቀችው፣ ባስተማራት።

"አሁን ምን ላድርግባት?"

"ምን አለሽ?"

"ጥሩው አለኝ። አምና ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ፤ አምስት ዓመት የሚቆየው።" ነጭ የያዘችውን ጥጥ ወደ ጎን ገፋች። "ሳሙናም ከቤት አላጣም። ለአንድ ወር ከሆነ እሱም ይበቃታል።"

ከወዲያ ማዶ የሚጎተተው ነገር ቆመ። አንድ ሰው በዐረብኛ ጮክ ብሎ ተጣራ። አብዱልሐኪም አልመለሰለትም። ሲሃም ትንፋሹን ትሰማለች።

"ሲሃም።"

"አቤት።"

"የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ መግቢያ የለኝም። ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ጥሩውን አድርጊባት።"

"እሺ።"

"ማለቴ፣ እኔ..."

"ገብቶኛል፣ ሐኪሜ። ሂድ፤ እየጠሩህ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። አልዋሸም። ያኔም አልዋሸም፤ አሁንም አልዋሸም። ያኔ ውሸቱን ፈርታ ነበር፤ እውነቱም እንዲህ ከባድ መሆኑን አልገመተችም።

ባንቺዓለም በበሩ አየቻትና ሳትገባ ተመለሰች። ከግድግዳው ማዶ የልብስ መስፊያው ድምፅ ተነሣ።

ሲሃም ከመሳቢያው ሲሪንጁን አወጣች። ቺፑ መሀል ላይ ቀስ ብላ ጫነችው፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል ግራጫ ቅባት ወጥታ ተቀመጠች። በጣት አይዳመጥም፤ መዳቡ ራሱ ሲጫን እኩል ያሰፋዋል። ሳህኑን ቀጥ አድርጋ አወረደችው፤ አንዴ ካረፈ በኋላ አላንቀሳቀሰችውም። ብሎኖቹን እንደ ቁጥራቸው፣ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው እየተሻገረች፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቀቻቸው። የፋኑን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረገች። ባትሪውን መለሰች። ክዳኑን ገጠመች።

ጓዴ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ድምፁ ሰልሏል።

"ጩኸት ጨርሼ መጣሁ" አለ። "ተነሣች?"

"ላስነሣት ነው።"

ባንቺዓለምም ከኋላው መጣች። በእጇ አዲስ የጥፍር ቀለም ይዛለች፤ ቀይ ነው። "የድሮው ደርቆ ጠጥሯል አይደል" አለች። "በዚህ አትሚያት። እንዲያውም ያምርባታል።"

ሲሃም ጠርሙሷን ተቀብላ አየቻት። ከዚያ ላፕቶፗን ገልብጣ ራቁቷን የቀረችውን ብሎን አየች። አብዱልሐኪም ያተመው ሌላ እጅ መግባቱን ለማወቅ ነበር።

"ይህቺ አትታተምም" አለች።

"ለምን?"

"ከዛሬ ጀምሮ የምከፍታት እኔ ነኝ። በራሴ ላይ ምን ማኅተም ያስፈልገኛል?" ጠርሙሷን ለባንቺዓለም መለሰችላት። "እሱም ከመጣ ብሎኗ ክፍት ናት።"

ባንቺዓለም ጠርሙሷን ኪሷ ከተተች። ጓዴ አንዴ ይህችን አንዴ ያቺን አየና፣ "እኔ የሴቶችን ነገር አልገባም፤ ስልኬን ብቻ ስጡኝ" አለ።

ሲሃም ላፕቶፗን አስነሣቻት። ፋኑ ተነፈሰ እንጂ አላፏጨም። ገመዱን አያያዘች፤ መጫን ጀመረች። አረንጓዴው መስመር ሃያ ደረሰ፤ ሙቀቱ ሃምሳ ሁለት ነው። አርባ ደረሰ፤ ሃምሳ ስምንት። ስልሳ ላይ ሲደርስ ጓዴ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ። መስመሩ ስልሳን አለፈ። ካርቶኑ ጠረጴዛው ጥግ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ሲሃም አላነሣችውም። ክንዷ ማሽኗ ጎን ላይ አርፏል፤ የሚወጣው አየር ለብ ያለ ብቻ ነው።

መስመሩ መቶ ከመቶ ሞላ። የጓዴ ስልክ ተንቀጥቅጦ በራ። ሙቀቱ በመጨረሻ የደረሰበት ስልሳ አራት ዲግሪ ነበር።